አልቅት የሌለው ውሃ

አባቴ አልቅት ከከብት ጉሮሮ የሚያወጡበት ዘዴ ነበራቸው። ከብቱን ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ይከለክሉታል። ቀትር ላይ ፀሐዩ በርትቶ እንስሳው ምላሱን ማውጣት ሲጀምር፣ ቀዝቃዛ ውሃ በሳፋ ሞልተው አፍንጫው ሥር ያቀርቡለታል፤ ግን አያጠጡትም። ውስጥ የተጣበቀው አልቅት ውሃው ሲሸተው ከአፍንጫው ቀዳዳ ብቅ ይላል። ያኔ አመድ በነካ ጨርቅ ለቀም አድርገው ይይዙትና ቀስ ብለው ይስቡታል። ከቸኮሉ ያሟልጫቸዋል፤ ወደ ውስጥ ከተመለሰ ደግሞ በዚያ ቀን ዳግመኛ አይወጣም። ልጅ ሆኜ ይህን ሳይ ፊቴን አላዞርም ነበር። የሚያስጠላ ነገር አተኩሮ ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ ልማዴ ነው።

ሰፈራችን ከቦሌ አየር ማረፊያ በስተምሥራቅ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየሞች ተደርድረው ከቆሙበት ሜዳ ማዶ ነው። በልጅነቴ ከተማው ሩቅ ነበር፤ ቅርባችን አውሮፕላኑ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ በኦሮምኛ፣ ገበያና ትምህርት ቤት በአማርኛ እናወራለን። ከቤቶቹ በታች አንድ የአፈር ግድብ ነበር። አባቴ ጎረምሳ ሳሉ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች አፈሩን በቁርበት እየጎተቱ የሠሩት ነው። ክረምት ይሞላል፣ በጋውን ሙሉ ሽንኩርት፣ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል። ውሃው ድፍርስ ነበር፤ እጅ ቢከቱበት ጣት አይታይም።

ያ ውሃ የከብትና የአትክልት እንጂ የሰው አልነበረም። የምንጠጣውን የምንቀዳው ከቦኖ ነው። ቦኖው ከአስፋልቱ ዳር ስለነበር ጄሪካን ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ ከዚያ ወረፋ፣ ከዚያም ጠብ ነው። ይህን ሁሉ የምንችለው ስለ ንጽሕና ተጨንቀን እንዳይመስላችሁ። አልቅቱን ፈርተን ነው።

ከተማው ሩጫ በጀመረበት ዘመን እኔ ቦሌ ሚካኤል አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ አትላስ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። የክፍሌ ጀርባ ብረት ብየዳ ቤት ነው፤ እሑድ ብቻ ዝም ይላል። እኔ ደግሞ እሑድ እሑድ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እናታችን ካረፈች ቆይታ ነበር። ከአባቴ ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ በዚያው የቀረባት፣ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ የተረፈቻት። ከአባቴ መሬት ግማሹ ለቤት መሥሪያ ተወስዶ፣ ከግድቡ ሥር ያለችው የአትክልት ቦታ ቀርታላቸው ነበር። እህቴ ጎመኑንና ሰላጣውን በማለዳ ሲኤምሲ መንገድ ዳር አውርዳ ለባለ ቪላዎቹ ትሸጣለች። ሕይወታቸው በሙሉ በዚያች ግድብ ላይ ነበር።

የእህቴ ልጅ አፍ የፈታችው ገና ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት ነው። ከፈታች በኋላም አልዘጋችውም። ለአያቷ በኦሮምኛ፣ ለኛ በአማርኛ፣ ለዶሮዎቹ በሁለቱም ታወራለች። አባቴን አካኮ ትላቸዋለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። እሳቸው በተፈጥሯቸው ዝምተኛ ስለሆኑ፣ ልጅቷ የቤቱን ድርሻ በሙሉ ወስዳ የምታወራ ይመስለኝ ነበር። እኔ አክስቷ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ አንዳንዴ እባክሽ ጆሮዬን አሳርፊው እላት ነበር። አሁን ሳስበው ያ ወሬዋ ምን ያህል ውድ ነገር እንደነበር ይገርመኛል።

አንድ በጋ ልጅቷ ከአፍንጫዋ ይደማት ጀመር። እህቴ ፀሐይ ነው አለች፤ ክሊኒክ ወስዳት ጠብታ ሰጧት፤ አልቆመም። በሦስተኛው እሑድ እኔ ስደርስ አባቴ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስተኝተው አፍንጫዋን በፀሐይ ብርሃን እያዩ ነበር። ግድቡ ዳር ስትጫወት ፊቷን ታጥባበት አልቅት ገብቶባታል። ለከብት የሚያደርጉትን ለልጅ ልጃቸው ሊያደርጉ ግድ ሆነባቸው። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ተከለከለች። ስታለቅስ፣ ውሃ ስጡኝ ስትል፣ አባቴ ቀና ብለው ፀሐዩን ያያሉ። እህቴ መስማት አቅቷት ከቤት ወጣች። ቀትር ላይ ሳፋው ቀረበ፤ አባቴ አመድ የነካውን ጨርቅ ይዘው ጠበቁ።

አልቅቱ ወጣ። ልጅቷ ውሃዋን ጠጥታ እዚያው ተኛች። አባቴ ትሉን ድንጋይ ላይ አድርገው በሌላ ድንጋይ ፈጩትና ወደ ግድቡ ዞረው ቆሙ። ሲጸልዩ ድምፅ አያሰሙም ነበር፤ ያን ቀን ግን ጮክ ብለው ነው የተናገሩት።

«ሚካኤል፣ ይህን ነገር ከውሃችን ንቀልልኝ። ዣንጥላ አስገባልሃለሁ።»

ስለት ነው። ቃሉ ከአፍ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ የሚባል ነገር የለም። ዣንጥላ ማለት ደግሞ ታቦት ሲወጣ በላዩ የሚዘረጋው፣ ከፋይ የለበሰው፣ በወርቃማ ዘርፍ የተከበበው ነው እንጂ የዝናቡ አይደለም። ለአንድ ጎመን ሻጭ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት አልፎ በመጣው በጋ፣ ከግድቡ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ተሠራ። በዚያ ዘመን በየቦታው ቆርቆሮ ይታጠራል፤ አጥሩ ሲነሣ ፎቅ ይወጣል፤ ስለዚህ ማንም አልተገረመም። ገልባጭ መኪናዎች ያረጀ ባትሪ ጭነው ይገባሉ፤ የመኪና ባትሪ፣ ሌላም ትልልቅ ባትሪ። ከውስጥ ጭስ ይወጣል። ዘበኛው የሰፈራችን ሰው ስለነበር፣ ባትሪውን ሰብረው ውስጡን ያቀልጡታል፣ ሥራው ጥሩ ነው ብሎ ነገረን። ባዶውን ጥቁር ሳጥን ለሰፈሩ ሰው ያድሉ ነበር። እህቴም ጥቂት ወስዳ የሽንኩርት ችግኝ አፈላችበት። ደግ ጎረቤቶች ናቸው ተባሉ።

መጀመሪያ ዝም ያሉት እንቁራሪቶቹ ናቸው። አባቴ ቤት ሳድር ከድሮ ጀምሮ እንቅልፍ የሚከለክሉኝ እነሱ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ጥሩ ተኝቼ ተነሣሁና ገረመኝ። ከዚያ ውሃው መጥራት ጀመረ። በየሳምንቱ ስመጣ ከበፊቱ ጠርቶ አገኘዋለሁ። በመጨረሻ ከሥሩ ያለው ጠጠር የሚቆጠር፣ አባቴ በወጣትነታቸው የጣሉት የዛፍ ግንድ ሳይቀር የሚታይ ሆነ። ከብቶቹ ጠጥተው ሲመለሱ አባቴ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፤ ምንም የለም። አንድ ወር አዩ፣ ሁለት ወር አዩ። አልቅቱ ከሥሩ ተነቅሏል።

ደስታው የአባቴ ብቻ አልነበረም። ሴቶቹ ነጠላ ይዘው ወርደው ያጥባሉ፤ ልጆች ይዋኛሉ፤ ከሲኤምሲ ጎመን ልትገዛ መኪናዋን ይዛ እስከ ማሳው የመጣች ሴትዮ ውሃውን አይታ፣ እንዲህ ባለ ውሃ የበቀለ አትክልት ከየት ይገኛል ብላ አደነቀች። እህቴ ቦኖ መሄዷን ተወች። ሰው በሙሉ ተወ። ልጅ ያላት እናት ያን ዳገት በጄሪካን የምትወጣበት ምን ምክንያት አላት? ቦሌ ሚካኤል የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ እኔም ከዚያ ቀድቼ ይዤ ሄጃለሁ። ሻይ አፍልቼበት ጎረቤቶቼን ጋብዣለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኛን በእውነት አሳስቆናል።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አባቴ መርካቶ ሄደው ጥቁር ቀይ ከፋይ የለበሰ ዣንጥላ ገዝተው መጡ። ዘርፉን ልጅቷ እንዳትጎትተው ከጣሪያው ወራጅ ላይ ሰቀሉት፤ እሷ ግን ከሥሩ አልጠፋ አለች። በዕለቱ ነጭ ለብሰው፣ ተሸክመውት ሄዱ፤ ሴቶቹ እልል እያሉ ተከተሉ። ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ሰማዩ ግራጫ ነበር። ከቆርቆሮው ግቢ የሚወጣውን ጭስ ከሌላው ለይቶ የሚያይ አልነበረም። ታቦቱ ሲወጣ የአባቴ ዣንጥላ ከላይ ተዘረጋ። ልጅቷ ከትከሻዬ ላይ ሆና፣ ሰው ዞሮ እስኪያያት ድረስ፣ «የአካኮ ዣንጥላ!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ ያለ ዣንጥላ ሁሉ የአካኮ ሆነ። አንድ ቀን አትላስ ይዣት መጥቼ፣ ካፌዎቹ በረንዳ ላይ የተተከሉትን ትልልቅ ዣንጥላዎች እያየች የአካኮ፣ ያም የአካኮ፣ ያም የአካኮ እያለች መንገዱን ጨረሰችው። አባትሽ እኮ አትላስን ገዙት ብለው የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ለአባቴ ነገርኳቸው፤ ሲስቁ ጥርሳቸውን ያየሁበት ጊዜ ከዚያ በኋላ አይታወሰኝም።

መጀመሪያ ሆዷን አመማት። ከዚያ ምግብ እምቢ አለች፣ ገረጣች፣ በትንሽ በትልቁ መነጫነጭ አመጣች። አፈር ትበላለች ብላ እህቴ እጇን ትመታታለች። አንዲት ላም ደግሞ በዚያው ሰሞን ያለ ምክንያት እየዞረች፣ ግንባሯን አጥር ላይ እየገፋች ሞተች፤ የጎመኑ ጠርዝ እንደተጠበሰ ነገር ቡናማ ሆነ። ላሟን ዓይን ነው አሉ፣ ጎመኑን ፀሐይ ነው አሉ፣ ልጅቷን ወስፋት ነው አሉ። ለየብቻው ሁሉም ምክንያት ነበረው። ሦስቱን አንድ ላይ ያየ አልነበረም።

ከዚያ ቃላቱ ማለቅ ጀመሩ። እንዴት እንደሆነ ልናገር ብል ይቸግረኛል፤ በአንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም። እሑድ ስመጣ ታወራኛለች፤ ግን ያለፈው እሑድ የነበራት ቃል ዛሬ የለም። የዶሮዎቹን ስም ተወች። ኦሮምኛው ቀድሞ ሄደ፣ አማርኛው ተከተለ። በመጨረሻ የሚያስፈልጋትን በእጇ እየጠቆመች ታሳያለች፤ ከዚያ መጠቆሙንም ቀነሰች። ጸበል ወሰዷት፤ አዋቂ ነን የሚሉም መጡ። ሐኪም ደም ማነስ ነው ብሎ ሽሮፕ አዘዘ። እህቴ ሽሮፑን ለመበጥበጥ ውሃ የምትቀዳው ከግድቡ ነበር፤ ሆን ብላ፣ ንጹሕ ስለሆነ።

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቃት አንዲት ጓደኛዬ ውሃ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ቦሌ አንድ ኬክ ቤት ተገናኘንና የልጅቷን ነገር አጫወትኳት። ምን ትበላለች፣ ምን ትጠጣለች ብላ ጠየቀችኝ። ከግድቡ እንደምንጠጣ ስነግራት ፊቷን ቅጭም አደረገች። ገበሬ ናችሁ ብላ የናቀችን መስሎኝ ተቆጣሁ።

«በፊት አልቅት ነበረበት» አልኳት። «አሁን አንድም የለም። እንቁራሪት እንኳ የለም። ጠጠሩ ይቆጠራል እኮ!»

ማኪያቶዋን አስቀመጠች። ከውሃው ዳር አረንጓዴ ነገር፣ ቄጠማ፣ ዝቃጭ ይኑር አይኑር ጠየቀችኝ። ምንም የለም አልኩ፤ አሁንም እየኮራሁ ነበር።

«ምንም ነገር የማይኖርበት ውሃ ለምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

ስለ ባትሪው ግቢ የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። የባትሪው አሲድ ወደ ውሃ ሲወርድ ድፍርሱን ወደ ታች እንደሚያዘቅጠው፣ ሕይወት ያለውን ነገር እንደሚገድል፣ ስለዚህም ውሃው ጥርት እንደሚል ነገረችኝ። ከአሲዱ ጋር የሚወርደው እርሳስ የሚባለው ብረት ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም። በትልቅ ሰው ላይ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ በልጅ ደምና አእምሮ ላይ ግን ይቸኩላል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ዙሪያችን ሰው ኬክ ይበላ ነበር። በማግስቱ ራሷ ሰፈራችን መጥታ ውሃውን በጠርሙስ ቀዳች። ውጤቱ ሲመጣ ከፈራችውም የባሰ ነበር።

ያን ዕለት ከሁሉ በፊት የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ሐዘኑ በኋላ መጣ። የምንጠላው ያ ትል፣ በድንጋይ የምንፈጨው፣ ከዚያ ውሃ ያራቀን ዘበኛችን ነበር። እሱ እያለ ቦኖ ወረፋ እንቆም ነበር። እሱ ሲሞት እልል አልን።

ለአባቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ልጅቷ እግራቸው ሥር ዝም ብላ አፈር ትጭር ነበር። እንደገመትኩት አልተከራከሩኝም፤ እንደማይገባቸውም አላስመሰሉም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ተነሥተው ልጅቷን ታቀፏትና፣ ከአሁን ጀምሮ ከግድቡ አንድ ጠብታ ቤት እንዳይገባ ብለው ለእህቴ ነገሯት። እህቴ ጄሪካኑን አንሥታ ወደ ቦኖ ወጣች። ዳገቱን ስትወጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ሰላጣውንም ጎመኑንም በማግስቱ ነቅላ አቃጠለችው። የሲኤምሲ ደንበኞቿ ምነው ጠፋሽ ሲሏት፣ ታምሜ ነው ከማለት በቀር ሌላ የምትለው አጣች፤ ከእጇ ገዝተው ልጆቻቸውን ያበሉ ሴቶች ናቸውና።

አባቴ ግን ለራሳቸው ሌላ ነገር ማየት ፈለጉ። ከኛ በስተምሥራቅ ዘመዶቻችን ካሉበት ወንዝ ሄደው አልቅት በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ዕድሜ ልካቸውን የገደሉትን ነገር በእጃቸው ተሸክመው፣ እንዳይሞትባቸው ክዳኑን ላላ አድርገው። ግማሾቹን በወንዙ ውሃ ተዉአቸው፤ ግማሾቹን ከግድቡ በቀዱት ውሃ ውስጥ ጨመሩ። ሁለቱን ጠርሙሶች ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የወንዙ ውሃ ውስጥ ያሉት የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይሄዳሉ። የኛዎቹ ተጠቀለሉ፣ ተዘረጉ፣ እንደገና ተጠቀለሉ፤ ከዚያ ወደ ታች ወረዱና እዚያው ቀሩ። አባቴ ጠርሙሱን አንሥተው ነቀነቁት። የተነሣ የለም።

«እኔ እኮ በዚህ አመስግኛለሁ» አሉ።

ስላላወቁ ነው አባዬ፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ አልኳቸው። አልሰሙኝም መሰለኝ፤ ጠርሙሱን እያዩ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ወደ ቆርቆሮው ግቢ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ወንበር አስመጥቶ፣ ለስላሳ አስከፍቶ፣ እኛ በፈቃድ ነው የምንሠራው አላቸው። እኔ ከሆቴሉ ፈቃድ እየጠየቅሁ የጓደኛዬን ውጤት ይዤ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። አንዱ ጉዳዩ የኛ አይደለም፣ ሌላው የኛ ነው ግን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይለኛል። ነገ ተመለሺ የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንድ ሰኞ ስንሄድ ግቢው ባዶ ሆኖ ቆየን። ቆርቆሮውን ሳይቀር ነቅለው ወስደውታል። የቀረው ጥቁር አፈርና፣ ከዚያ እስከ ግድቡ የሚወርድ ሣር የማይበቅልበት መስመር ነው። ወዴት እንደሄዱ የነገረን የለም፤ ከሌላ ግድብ በላይ ተቀምጠው ይሆናል።

የልጅቷ ደም ውጭ አገር ተልኮ ተመረመረ። መድኃኒት ተገኘላት፤ ሆስፒታል ተኛች፤ ሆዷ ዳነ፤ ፊቷ ቀለም አገኘ፤ እንጀራ መብላት ጀመረች። ስለ ንግግሯ ስንጠይቃት ሐኪሟ አልዋሸችንም። ጉዳቱ ይቆማል፣ የሄደው ይመለስ አይመለስ ግን ማንም አያውቅም፤ አውሯት፣ አትተዉአት አለች። በየእሑዱ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አወራት ጀመርኩ። ድሮ ጆሮዬን አሳርፊው ያልኳት ልጅ ናት።

ጎረቤቶቹ አባቴን ለልጅቷ ተሳሉላት ይሏቸው ነበር። ሚካኤል እርስዎን ይሰማል እኮ፣ ያኔም ሰምቶዎታል ይሏቸዋል፤ ቅንነት ነው እንጂ ክፋት አልነበረበትም። አባቴ ግን አይሳሉም። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይሰግዳሉ፤ ምንም አይለምኑም። እህቴ አንድ ቀን አልቅሳ ብትለምናቸው፣ የጠየቅሁት ይሰጠኛል ብዬ እፈራለሁ አሏት። እንዲህ ያለ ፍርሃት ሰምቼ አላውቅም። አምላካቸውን የተጠራጠሩ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ እሳቸው የተጠራጠሩት አፋቸውን ነው።

ዣንጥላውን ለመመለስ የሞከሩት በዚያን ጊዜ ነው። እኔ አብሬያቸው ሄድኩ። ቄሱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ አባቴ መስቀል ተሳልመው ሳይቀመጡ ተናገሩ። በመርዝ ያመሰገንኩበት ነው፣ አውጡልኝ፣ ሌላ እገዛለሁ፣ ይህ ግን ከታቦቱ በላይ አይዘርጋ አሉ። ቄሱ የአባቴን እጅ ያዙ።

«ልጄ፣ ስለት ከገባ አይወጣም። የሰጠኸው ምስጋናህን ነው፤ ምስጋና ደግሞ አይመረዝም።»

መልካም ቃል ነበር። አባቴን ግን አላጽናናቸውም። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ዣንጥላው ይወጣል፤ አባቴ ሲወጣ ሲያዩ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሰው በአክብሮት ነው ይላል። እኔና እህቴ እናውቃለን። ጥቁር ቀዩ ከፋይ በላያቸው ሲያልፍ መሬት መሬቱን እያዩ ይቆማሉ፤ ካለፈ በኋላም ቶሎ ቀና አይሉም።

እንዲህ ሆነን ሦስተኛው ኅዳር ሚካኤል መጣ። ከተማው እንደ ልማዱ ቆሻሻውን አቃጥሏል፤ ከማዶ የኮንዶሚኒየሙ ክሬኖች ከጭሱ በላይ ብቅ ብለው ይታያሉ። ልጅቷ አድጋ ስለነበር ትከሻዬ ላይ አልወጣችም፤ በአንድ እጇ እኔን፣ በአንድ እጇ አባቴን ይዛ በመካከላችን ቆማለች። እህቴ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ከበሮው ቀረበ፤ ሕዝቡ ተገፋፋ፤ ታቦቱ ወጣ። አባቴ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፉ።

ልጅቷ እጄን ሳበችው። ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ እሷ ግን እኔን አላየችኝም፤ ወደ ላይ ነበር የምታየው። አፏ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተከደነ። ከዚያ በጎርናና፣ ለራሷም በሚከብዳት ድምፅ፣ «የአካኮ» አለች። ቆየችና፣ «ዣንጥላ» አለች።

ከበሮው በርትቶ ነበር፤ ግን ሰምቻለሁ። አባቴም እንደሰሙ ከእጃቸው አወቅሁ፤ የልጅቷን እጅ የያዘው ሲጠብቅ አየሁት። አንገታቸውን እንደደፉ ነበሩ።

«ምን አለች?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከበሮው ስለሸፈነኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው።

«እስኪ ድገሚ በያት።»

ጎንበስ ብዬ፣ የማን ዣንጥላ ነው የኔ እናት፣ ለአካኮ ንገሪያቸው አልኳት። አየችኝ። ያን ቀን ዳግመኛ ምንም አላለችም። አባቴ ግን ቀና ብለው ነበር። ዣንጥላው በሕዝቡ መካከል እየተወዛወዘ ሄዶ ቤተ መቅደሱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ዓይናቸውን ከላዩ ላይ አላነሡም።